ዲስከስ ዓሣ ለቤት፦ ከቀለሙ በፊት ምን ምን ይመረጣል?

ዲስከስ ለመግዛት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቀለም ነው። ቀዩ ይሻላል ወይስ ሰማያዊው? አይፈረድበትም። እንደ ሰሃን ክብ የሆነ፣ ረጋ ብሎ የሚዋኝ፣ የሚመግበውን ሰው ለይቶ ወደ መስታወቱ የሚመጣ ዓሣ ነው። እኔ ግን ቀለሙን የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። በሳምንት ስንት ሊትር ንጹሕና ሞቅ ያለ ውሃ መቀየር ትችላላችሁ? የዓሣው ዕድሜ፣ የገንዳው ዓይነት፣ ማጣሪያውና ምግቡ ሁሉ በዚህ መልስ ይወሰናሉ።

እኔ የምለካው እንዲህ ነው። አቅማችሁ በሳምንት ከ150 ሊትር በታች ከሆነ ዲስከስ ለጊዜው ይቆይ። ከ150 እስከ 300 ሊትር ከቻላችሁ በ300 ሊትር አኳሪየም ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ያደጉ ዲስከሶችን መያዝ ይቻላል። በየቀኑ ውሃ መቀየር የምትችሉና ቀኑን ሙሉ ቤት ሰው ያለ ከሆነ ደግሞ ግልገል ገዝቶ ማሳደግም ይታሰባል።

ውሃው ላይ ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። ዲስከስ የአማዞን ተፋሰስ ዓሣ ነው። የሚኖርባቸው ወንዞች ሞቃትና አሲዳማ ናቸው፤ በውስጣቸው የሟሟ ማዕድን በጣም ትንሽ ነው። ሪዮ ኔግሮ በሚባለው ጥቁር ወንዝ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ከ7 ሲያንስ ውሃው አሲዳማ ነው) ከ5 በታች የሚወርድበት ቦታ አለ። ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ዮሐን ያኮብ ሄከል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ዲስከስም ከዚሁ ወንዝ የተገኘ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ጀርም እንደ ልቡ አይራባም። የዲስከስ ገላም ከብዙ ጀርም ጋር መታገልን አልለመደም።

በነገራችን ላይ ከጫሞና ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ የዲስከስ ዘመድ ነው። ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱም ለልጆቻቸው ይሳሳሉ። የቆሮሶ እናት ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። የዲስከስ እናትና አባት ደግሞ ጫጩቶቻቸውን ከቆዳቸው በሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ይመግባሉ። ግን ዲስከስን በቆሮሶ እንዳትለኩት። ቆሮሶ ብዙ ይችላል፤ ዲስከስ አይችልም።

የቧንቧ ውሃ ወይስ በአርኦ የተጣራ?

ዲስከስ ለስላሳ ውሃ ይወዳል ሲባል የሰማ ሰው ወዲያው ወደ አርኦ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት አሳልፎ ማዕድኑን ወደሚያስቀር ማጣሪያ፣ ይሮጣል። አብዛኛው ሰው ግን አያስፈልገውም። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ዲስከሶች አብዛኞቹ በእርባታ ለብዙ ትውልድ የተወለዱ ናቸው። ፒኤቹ ከ6 እስከ 7.5 ባለው የቧንቧ ውሃ ደህና ይኖራሉ። ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢልም ይችሉታል፤ የማይችሉት ዛሬ 6.5 ነገ 7.8 እያለ የሚዋዥቅ ውሃን ነው።

አርኦ የራሱ አደጋ አለው። ውሃው ማዕድኑ ከውስጡ ስለወጣ ፒኤቹን አጥብቆ የሚይዝለት ነገር የለም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ፒኤቹ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። ከ6 በታች ሲወርድ ደግሞ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚያጠፉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሥራቸው ይዳከማል። ሌላው ችግር ብክነቱ ነው። አንድ ሊትር ለማጣራት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሊትር ውሃ ይፈስሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። የሚፈሰውን በባልዲ ይዞ ለልብስና ለወለል ማዋል ይቻላል፤ ያም ሆኖ የእኔ ምርጫ የቧንቧው ነው። አርኦ የሚያስፈልገው ከዱር የተያዘ ዲስከስ ለሚይዝ፣ ለማስፈልፈል ለሚፈልግና የቧንቧ ውሃው በጣም ማዕድናማ ለሆነበት ሰው ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይድና ባይካርቦኔት ስለሚበዛባቸው እዚያ አርኦን ከቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ያስኬዳል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር አስቡ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው አንድ ዓይነት አይደለም። የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ ጎረቤት በነገራችሁ ቁጥር አትመኑ። የራሳችሁን ቧንቧ ለኩ፤ ከወራት በኋላም ድገሙት። ሮቶ ያለው ሰው አንድ ዕድል አለው። ክሎሪን ብቻ የተጨመረበት ውሃ ክዳኑ ተከፍቶ፣ በኤር ፓምፕ እየተናፈሰ ለአንድ ቀን ከቆየ ክሎሪኑ ይወጣል። የሮቶው ውሃ ግን ብርድ ነው። በተለየ በርሜል ውስጥ ሂተርና ኤር ፓምፕ አድርጎ 28 ዲግሪ አድርሶ መጨመር ይገባል።

ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ ግን ማሳደሩ አይሠራም። የከተማው ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን በቀላሉ አይተንም። በአሜሪካ ስፕሪንግ (በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ) ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩትና ይመልሱታል። ስለዚህ የምትገዙት የውሃ ማከሚያ ክሎሪኑን ብቻ ሳይሆን ከክሎራሚን የሚለቀቀውን አሞኒያም የሚይዝ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ዱባይና ሌሎች የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ያላችሁ ደግሞ በበጋ ችግራችሁ ተቃራኒ ነው። ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር የሚወርደው ውሃ ዓሣ የሚቀቅል ሙቀት ሊኖረው ይችላል። ቤት ውስጥ አሳድሮ፣ በቴርሞሜትር ለክቶ መጨመር ነው።

የክረምት ዝናብስ? ለስላሳ ነው፤ ያጓጓል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ግን አልመክርም። ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ከቆርቆሮው ላይ ዚንክ ያሟሟል፤ ዚንክ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው።

አሞኒያን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ውሃው በሞቀ ቁጥር፣ ፒኤቹም ከፍ ባለ ቁጥር ያው መጠን አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። የዲስከስ ውሃ ሁልጊዜ ሞቃት ነው። ፒኤቹ 8 በሆነ የቧንቧ ውሃ ዲስከስ የሚይዝ ሰው፣ ገንዳው ባክቴሪያውን ጨርሶ ሳያጎለብት ዓሣ ማስገባት የለበትም። ይህ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ የሚታየው ምልክት በመለኪያው ላይ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ መገኘቱ ነው።

ከዱር የተያዘ ወይስ በእርባታ የተወለደ?

ይህ አጭር ነው። የመጀመሪያ ዲስከሳችሁ ከሆነ በእርባታ የተወለደውን ያዙ። የዱሩ የራሱ ግርማ አለው፤ በብራዚል ባርሴሎስ ከተማ ሰዉ በሁለት ጎራ ተከፍሎ የሚወዳደርበት የጌጥ ዓሣ ፌስቲቫል አለ፤ አንዱ ጎራ የተሰየመው በዲስከስ ነው። ግን የዱሩ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ደረቅ ምግብ ለመልመድ ያስቸግራል። ውሃውም እንደ ወንዙ እንዲሆንለት ይፈልጋል።

ግልገል ወይስ ያደገ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግልገል ርካሽ ነው። ያደገው ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። በዋጋው የተማረከ ሰው ስድስት ግልገሎች ገዝቶ ይገባል። ግልገሉ ግን በቀን አራትና አምስት ጊዜ መብላት አለበት። ያን ያህል ሲበላ ያን ያህል ያቆሽሻል። ስለዚህ በየቀኑ የውሃው ሲሶ ወይም ግማሽ መቀየር አለበት። ይህ ለወራት ይቀጥላል። ሙሉ መጠኑን ለመያዝ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ይፈልጋል። የውሃውን፣ የመብራቱንና የምግቡን ወጪ ስትደምሩት ርካሽነቱ ይጠፋል።

ጉዳቱ ደግሞ አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምግብ ወይም ውሃ የጎደለበት ዲስከስ ይቀጭጫል። በኋላ ብትንከባከቡትም 15 እና 18 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ዓሣ 9 ወይም 10 ላይ ይቀራል። ዓይኑ ከገላው ጋር ሲተያይ ትልቅ ይሆናል። ክብ መሆኑ ይቀርና ይረዝማል።

ያደገው ዓሣ በቀን ሁለት ጊዜ መብላት ይበቃዋል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ውሃ ቢቀየርለት ይኖራል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው የሚሆነው ይህ ነው። ለስድስት ያደጉ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑትን ፈልጉ። በጣም አደገኛውን ዕድሜ አልፈዋል፤ ዋጋቸውም መካከለኛ ነው። ቅርጻቸውም ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ይታያል። እኔ የማስቀድመው ይህን መጠን ነው።

ቁጥራቸውን ግን አትቀንሱ። ዲስከስ ሁለት ብቻ ሲሆን ጠንካራው ደካማውን ምግብ እየከለከለ ያሰቃየዋል። አምስትና ስድስት ሲሆኑ ግፊያው ይከፋፈላል።

ባዶ ወለል ወይስ ተክል?

ለዓይን የሚያምረው ባለ ተክሉ ነው። አረንጓዴ መሀል የሚንሳፈፍ ቀይ ዲስከስ ማየት ደስ ያሰኛል። ባዶው ገንዳ ደግሞ መስታወት፣ ማጣሪያና ሂተር ብቻ ነው። ሳሎን ላይ አያምርም። ነገር ግን ግልገል ለሚያሳድግ ሰው ምርጫው ባዶው ብቻ ነው እላለሁ። የተረፈ ምግብና ሰገራ ወዲያው ይታያል፤ በላስቲክ ቱቦ በደቂቃ ይወጣል። አሸዋ ሥር ተደብቆ የሚበሰብስ ነገር የለም። ዓሣው ሲታመምም ቶሎ ይታወቃል። ነጭና ክር የመሰለ ሰገራ አብዛኛውን ጊዜ የአንጀት ጥገኛ ምልክት ነው፤ አሸዋና ቅጠል መሀል ግን ማንም አያየውም።

ላደጉት ዲስከሶች መሀከለኛ መንገድ አለ። አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ስስ የአሸዋ ንጣፍ፣ አንድ ትልቅ እንጨት፣ በእንጨቱ ላይ የታሰሩ ተክሎች። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ሙቀቱን ይችላሉ፤ አፈርም አይፈልጉም። ከእንጨት ውጭ መትከል ከፈለጋችሁ የአማዞን ሶርድ በማሰሮ ይሆናል። ብዙዎቹ ሌሎች ተክሎች 29 ዲግሪ ላይ ይጠወልጋሉ፤ ገዝቶ ከመበሳጨት አስቀድሞ መጠየቅ ነው። አሸዋውን ከወንዝ የምታመጡ ከሆነ በደንብ አጥባችሁ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራማ ድንጋይ አለበት፤ ፒኤቹን ወደ ላይ ይጎትታል።

የገንዳው መጠን አያከራክርም። ላንድ ያደገ ዓሣ ከ40 እስከ 50 ሊትር፣ ከፍታው ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር። 300 ሊትር ውሃ ብቻውን 300 ኪሎ ነው። መስታወቱና መቆሚያው ሲጨመር ለአንድ ተራ ጠረጴዛ የማይቻል ነው፤ መቆሚያውን ብረት ሠሪ ይሥራላችሁ።

ማጣሪያ፣ ሂተርና የመብራት ነገር

በመመሪያዎች ሁሉ የሚመከረው ካኒስተር ፊልተር ነው፤ ከገንዳው ውጭ ተቀምጦ ውሃውን በቱቦ የሚስብ። ኃይለኛ ነው፤ ገንዳውንም አያጨናንቅም። መብራት የማይጠፋበት አገር ላላችሁ ይህን ብትገዙ ጥሩ ነው። መብራት ለሰዓታት በሚጠፋበት ግን ካኒስተሩ ራሱ አደጋ ይሆናል። ውሃው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲቆም ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ባክቴሪያዎቹ መሞት ይጀምራሉ። መብራት ሲመጣ ያ የተበላሸ ውሃ በአንዴ ወደ ዓሣዎቹ ይገፋል።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ሁለት ትልልቅ የስፖንጅ ፊልተሮችን እመርጣለሁ። የሚሠሩት በኤር ፓምፕ ነው። መብራት ሲጠፋ የባትሪ ኤር ፓምፕ ይቀጠልባቸዋል፤ ማጣሪያውም ኦክስጅኑም አይቋረጥም። ማጽዳቱም ቀላል ነው፤ ከገንዳው በወጣ ውሃ ውስጥ መጭመቅ ብቻ። ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ካጠባችኋቸው ግን ባክቴሪያው ያልቃል። ካኒስተር ያለውም ሰው ቢያንስ አንድ ስፖንጅ ቢጨምር ይጠቀማል።

ኦክስጅን ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በባሕር ወለል 29 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር እስከ 7.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ ወደ 6 ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ተቀምጦ የተጻፈ ምክር «ኤር ፓምፕ ግዴታ አይደለም» ቢላችሁ እናንተን አይመለከትም። ለእናንተ ግዴታ ነው፤ ሌሊትም አይጠፋም።

ሂተርን በተመለከተ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ግዙ። አንዱ ቢሞት ሁለተኛው ውሃውን ጨርሶ እንዳይበርድ ይይዘዋል። አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ገንዳውን ለማፍላት አቅም የለውም። በአዲስ አበባ ሌሊት ክፍሉ ወደ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ውሃው ግን ከ28 እስከ 30 መሆን አለበት። ለ300 ሊትር ከ200 እስከ 300 ዋት የሆኑ ሁለት ሂተሮች ያስፈልጋሉ። ገንዳውን መክደን ብዙ ሙቀት ያተርፋል። ከኋላና ከጎን የፎም ሰሌዳ መለጠፍም ያግዛል። መብራት ሲጠፋ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ከላይ አየር መግቢያ ተዉለት፤ እስኪመለስ ድረስም ምግብ አትስጡ።

የበሬ ልብ፣ ደረቅ ምግብ ወይስ ትል?

የበሬ ልብ ዲስከስን ያፋፋል፤ ስሙም የገነነ ነው። ጮማውና ጅማቱ በሙሉ ይወጣል፤ ቀሪው ከተቀቀለ ቆስጣ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቆሮሶ ሥጋ ጋር ተፈጭቶ ስስ ሆኖ ይቀዘቅዛል። እየተሸራረፈ ይሰጣል። በሁዳዴ ብዙ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ከጾሙ በፊት አዘጋጅቶ ማቀዝቀዣ ማስገባት ነው። ችግሩ ውሃውን ማቆሸሹ ነው። ልብ የበላ ገንዳ ሳይውል ሳያድር መጸዳት አለበት። በየቀኑ ውሃ የሚቀይር ሰው ይስጥ፤ በሳምንት አንዴ የሚቀይር አይስጥ።

ለሁለተኛው ሰው ጥሩ የዲስከስ ደረቅ ምግብ ዋናው ይሁን። በሳምንት ጥቂት ጊዜ የቀዘቀዘ ቀይ ትል ወይም ሽሪምፕ ይጨመርበት። ከቦይ የሚሰበሰብ በሕይወት ያለ ትል በፍጹም አይግባ፤ በሽታ የሚገባው በዚያ ነው።

አብሮ የሚኖረው

29 ዲግሪ የሚችል ትንሽና ጭምት ዓሣ ምረጡ። ካርዲናል ቴትራና ስተርባይ ኮሪዶራስ ይስማሙታል። ፕሌኮ የሚባለው በአፉ የሚጣበቅ ትልቅ ዓሣ ሌሊት የዲስከስን ገላ ሊመጥ ስለሚችል አይሆንም። ኤንጀል ፊሽም ምግብ ይቀማል፤ ዲስከስን የሚጎዳ ጥገኛ ተሸክሞም ሊመጣ ይችላል፤ አብረው አይኑሩ። ለብቻው ግን ኤንጀል ፊሽ የውሃ አቅሙ ላልደረሰ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው። ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የውሃ ለውጥ መዘግየትን ይታገሳል፤ ውበቱም ከማንም አያንስም።

አሁን ቀለሙ፣ ከዚያ የምርጫው ቀን

ለጀማሪ የምመርጠው ቱርኩዊዝ ወይም ቡናማ ዲስከስ ነው። ምክንያቴ እነዚህ ዓሣዎች ስሜታቸውን ያሳያሉ። ሲጨነቁ ጎናቸው ላይ ቁልቁል የወረዱ ጥቁር መስመሮች ይደምቃሉ፤ ሲረጋጉ ይደበዝዛሉ። ውሃው ሲበላሽ ከመለኪያ በፊት ዓሣው ይነግራችኋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከታይላንድ የወጣው ፒጅን ብለድና ከእሱ የተገኙት ቀያይና ብርቱካናማ ዝርያዎች እነዚህ መስመሮች የሏቸውም። ያምራሉ፤ ግን ጭንቀታቸውን ማንበብ ያስቸግራል። ጥቁር ጀርባ ባለው ገንዳ ውስጥ ደግሞ ገላቸው በጥቁር ነጠብጣብ ይሞላል። ከመረጣችኋቸው የገንዳውን ጀርባ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ሰማያዊ አድርጉት።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩን ምግብ እንዲሰጣቸው ጠይቁት። መጥቶ የማይበላውን አትግዙ። ጥግ ይዞ የጠቆረ፣ በአንድ ስንጥብ ብቻ የሚተነፍስ፣ ግንባሩ የሰረጎደ ከሆነ ተዉት። አንዱ ብቻ ታሞ ሌሎቹ ደህና ቢመስሉም ከዚያ ገንዳ አትግዙ፤ ውሃው አንድ ነው። ስድስቱንም በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ መግዛት ከተለያየ ሱቅ ከመለቃቀም ይሻላል። አንዱ የለመደው ጀርም ሌላውን ይጥለዋልና።

ቤት ያሉ ዓሣዎች ካሉ አዲሶቹ ለብቻቸው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆዩ። መረባቸው፣ ባልዲያቸውና ቱቦአቸው የተለየ ይሁን። በዚህ ጊዜ «ለማንኛውም» ተብሎ መድኃኒት አይጨመርም። ሜትሮኒዳዞል አንዳንድ የአንጀት ጥገኞችን ይገድላል፤ ትልን ግን አይገድልም። ምልክቱ ሳይታወቅ መስጠት ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ያደክማል። መጀመሪያ ሰገራውን፣ አተነፋፈሱንና አበላሉን እዩ። ደህና ከሆኑ ከነባሮቹ አንዱን ወደ አዲሶቹ አስገቡና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። እሱ ካልታመመ ሁሉንም መቀላቀል ይቻላል።